ካራማራ ላይ የተዋጉት አባትህ ናቸው

ጥያቄ፦ "የ31 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ የአርሲ ልጅ ነው። አያቴ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ጭሰኛ ነበር፤ ቤተሰቡ የራሱ መሬት ያገኘው በ1967ቱ አዋጅ ነው። አባቴ በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ ሆኖ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ፤ ካራማራ ላይም ቆስሏል። ከሁለት ዓመት በፊት የኮሎኔል መንግሥቱን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ፣ ፍሬም አሠርቶ ሳሎናችን ውስጥ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ቤታችን አትገባም። ታላቅ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ተማሪ እያለ በሌሊት ከቤት ተወስዶ በማግስቱ አስከሬኑ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኝቷል። ባለፈው የካቲት 26 አባቴ የድሮ ጓደኞቹን ጠርቶ የካራማራን ድል ሲያከብር አክስቴ ደወለች። 'የወንድሜን ገዳይ ሰቅለህ ቡና ትጠጣለህ' አለችው። እሱም 'ያ ሰው ባይኖር አገር የለሽም ነበር' አላት። ቡናውን የምታፈላው እናቴ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ የእህቴ ሠርግ ነው። አክስቴ ፎቶው ካልወረደ አልመጣም ብላለች፤ አባቴ አላወርድም ብሏል። እኔም ብሆን አንዳንዴ ለዚህች አገር እንደ እሱ ያለ ጠንካራ እጅ ይሻላት ነበር እላለሁ። ሰውዬው ጀግና ነው ወይስ ጨካኝ? ቁርጡን ባውቅ ሁለቱን አስታርቅ ነበር።"

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ፤ ከዚያ ወዳልጠየቅኸኝ እመጣለሁ።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ጀግና አልለውም። ይህን የምለው አባትህ የሚናገሩት ሁሉ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ አብዛኛው እውነት ነው። ብዙ ሰው ስለዚህ ሰው ሲከራከር በአንድ ወገን መሬት ላራሹን፣ መሠረተ ትምህርትንና ካራማራን ያስቀምጣል፤ በሌላው ቀይ ሽብርን፣ የ77ቱን ረሃብና የሐውዜንን ድብደባ። ከዚያ ደምሮ ቀንሶ ትርፉን ይፈልጋል። ክርክሩ የማያልቀውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የአንድ ልጅ ነፍስ በስንት ሄክታር ይካካሳል? አያትህ ያገኙት መሬት የአጎትህን ሞት አያቀልለውም፤ የአጎትህ ሞትም አያትህ በዚያ ዓመት የቀመሱትን ደስታ ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱም ሆነዋል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በዚህ ሰው ስም ከምንቆጥረው ነገር የእሱ የሆነው የቱ ነው?

መሬቱን እንይ። አባትህ ያን ፎቶ የሰቀሉት የሰው ደም ስለማያሳዝናቸው እንዳይመስልህ። የእኩል አራሽ ልጅ ማለት አባቱ ዓመት ሙሉ ከደከመበት እህል ግማሹ ተጭኖ ሲሄድ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ለጭሰኛ "ከመሬቴ ውጣ" የሚለው ቃል መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ፣ በተለይ በጭላሎ አውራጃ፣ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቱ ከጭሰኛ ጋር ከሚካፈል ራሱ በመኪና ቢያርስ እንደሚያዋጣው ስላየ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት ተፈናቅሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ፣ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲያርስ ሲፈቀድለትና ጭሰኝነት ሲቀር፣ ለአያትህ ያ ቀን ምን ማለት እንደነበር እኔና አንተ ሙሉ በሙሉ አንረዳውም። አክስትህም እንድትረዳው እመኛለሁ።

ግን አዋጁ የማን ነው? የባሌ ገበሬ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ተዋግቶበታል። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በግብር ምክንያት ተነሥቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በየካቲት 1957 ነው፤ መንግሥቱ ያኔ ስሙን ማንም የማያውቀው የጦር መኮንን ነበር። አዋጁን ካረቀቁት ሰዎች ዋነኛው የመሬት ይዞታ ሚኒስትሩ አቶ ዘገየ አስፋው ናቸው፤ ኋላ በዚያው መንግሥት ለዓመታት ታስረዋል። አዋጁ ሲወጣ የደርግ ሊቀመንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከሌሎች የደርግ አባላት ጋር ተገደሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው መንግሥቱ ብቻውን ከላይ የቀረው። ሥልጣኑን ከጠቀለለ በኋላ ደግሞ ያ ገበሬ መሬቱን ይዞ እህሉን ማዘዝ አልቻለም፤ በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ በመንደር ምሥረታ ቤቱን አፍርሶ በታዘዘበት መስመር እንዲሠራ ተደረገ፤ አርሲ ይህ በሰፊው ከተካሄደባቸው ክፍለ አገሮች አንዱ ነው። ልጁንም ለብሔራዊ ውትድርና አፈሱበት። አያትህ በሕይወት ካሉ ስለ 1967ቱ ብቻ ሳይሆን ስለ 1978ቱም ጠይቃቸው።

አሁን ወደ ካራማራ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ የአባትህ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ሐምሌ 1969 የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በመስከረም ወር 1970 ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረርና ድሬዳዋም ለመውደቅ ትንሽ ቀራቸው። በዚያ ጊዜ ታጠቅ ጦር ሰፈር ውስጥ ከየክፍለ አገሩ የመጣ የገበሬ ልጅ ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደ ግንባር ይጫን ነበር። አብዛኛው ምሥራቁን አይቶት አያውቅም። ከሶቪየት ኅብረት ብዙ የጦር መሣሪያ መጣ፤ የኩባ ወታደሮችም አብረው ተዋጉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ ከወራሪው እጅ ተለቀቀ። ይህ እውነተኛ ድል ነው። የተወረረ አገር ነጻ የወጣበት ቀን ስለሆነ አባትህ ቢያከብሩት፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ቢያለቅሱበት፣ ቢፎክሩበትም ይገባቸዋል። መንግሥቱ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ እንደነበረ፣ ያን ያህል ሠራዊት በጥቂት ወራት ማሰለፍ ቀላል እንዳልነበረም አልክድም።

ነገር ግን ያንን ግንባር የሚያውቁት ሰዎች የት ደረሱ? ሶማሊያ በ1956 ዓ.ም. ስትወጋን ሦስተኛ ክፍለ ጦርን መርተው የመለሷት ጄኔራል አማን አንዶም ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በኦጋዴን ጦርነት አየር ኃይሉን ያዘዙት ጄኔራል ፋንታ በላይ ከግንቦት 1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ እስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። በምሥራቅ ግንባር የተዋጉት ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ በዚያው ሙከራ አሥመራ ላይ ሞቱ። በሰሜን የናደው እዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 ተረሸኑ፤ በሚቀጥለው ወር ኤርትራ ውስጥ ያለችው አፋቤት ወደቀች፤ እዙም ተደመሰሰ። ይህን አባትህ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ የወታደር ቤት ሰው ስሞቹን አይረሳም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ በናይሮቢ በኩል ዚምባብዌ ሲገባ ሠራዊቱ ገና ግንባር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ሠራዊት ተበትኖ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በየከተማው መንገድ ላይ ምጽዋት ሲለምን ያላየ የዚያ ዘመን ሰው የለም። የኔ ቁጣ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ነው። ድሉን አባትህና እንደ እሳቸው ያሉት በደማቸው አመጡት፤ ፎቶው ላይ ያለው ግን ትቷቸው የሄደው ሰው ነው።

ቀይ ሽብር ላይ ስንደርስ "የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ መልሱ አያከራክርም። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ቦታ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወረ ሰበረ። ሌላ ሰው አልሰበራቸውም። ከዚያ የቀበሌ አብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ታጥቆ፣ "ነጻ እርምጃ"፣ ማለትም ያለ ፍርድ መግደል፣ ተፈቅዶለት በየቤቱ ገባ። ሬሳ ላይ ጽሑፍ ለጥፎ መንገድ ዳር ማሳደር፣ ቤተሰብን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈል ማለት፣ እናትን "አታልቅሺ" ማለት የዚያ ሥርዓት ሥራ ነበር። አክስትህ ያኔ ልጅ ነበረች። ለወንድሟ ድንኳን አልተተከለም፤ አልቃሽ አልመጣም፤ ጎረቤት እንኳ "እግዜር ያጽናችሁ" ለማለት ጀርባውን እያየ ነበር። ሌላው ሰው ሐዘኑን በሦስት ቀን፣ በአርባ፣ በሙት ዓመት እያለ ያወጣዋል፤ የእሷ ግን ሳይወጣ እዚያው ቀርቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሷ አርባ ምናምን ዓመት ያዘለችውን ነገር ነው አባትህ አሁን ፍሬም አድርገው የሰቀሉባት።

"ኢሕአፓስ አልገደለም ወይ?" እያሉ ደርግን በመሣሪያ ይታገል የነበረውን የግራ ፓርቲ የሚያነሡብህ ይኖራሉ፤ ምናልባት አባትህም። ገድሏል። ያኔ ከደርግ ጎን ቆሞ የነበረውን የሌላውን የግራ ፓርቲ፣ የመኢሶንን ሰው ዶክተር ፍቅሬ መርዕድን፣ የቀበሌ ሹማምንትን፣ ሌሎችንም በከተማ ውስጥ ገድሏል፤ መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ራሱ ላይም ተተኩሷል። የእነዚያ ሟቾች ልጆችም ሐዘናቸው ሐዘን ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት፣ ወህኒ ቤት፣ ፖሊስና ሬዲዮ በእጁ ያለ መንግሥት ተማሪ ከአልጋው ጎትቶ ሲገድል "እነሱም ጀምረው ነበር" ማለት አይችልም። የመንግሥት ሥራው መክሰስና ማስፈረድ ነበር።

"የፈረደበት ያሸነፈው ወገን ነው" የሚለውንም ሰምቼዋለሁ። በታኅሣሥ 1987 የተጀመረው ችሎት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ አሥራ ሁለት ዓመት መፍጀቱ ብቻ ለተከሳሹም ለተበዳዩም በደል ነው። ሆኖም የቀረበው ማስረጃ የአሸናፊ ወሬ አልነበረም፤ ደርግ ራሱ ያስቀመጣቸው፣ ፊርማ ያረፈባቸው የግድያ ትእዛዞችና ቃለ ጉባኤዎች ናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አለው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በሐሳብ ተለይተዋል፤ የተለዩት ግን ግድያው በየትኛው አንቀጽ ይጠየቅ በሚለው ላይ ነው፤ ግድያው አልተፈጸመም አላሉም። መጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ፍርድ ከፍ አደረገው።

ስለ ጠንካራ እጅ የጻፍከውን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ዛሬ የምታየው ነገር ደክሞህ እንዳልከው ይገባኛል፤ በዕድሜህ ያሉ ብዙ ልጆች ይሉታል። ግን ያ እጅ ምን ያዘ? ኤርትራን በጦር እይዛለሁ ብሎ የአንድ ትውልድ ወጣት አስበላበት፤ አልያዛትም። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በሰልፍና በመብራት ሲከበር ኮረም ላይ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ወሬው ከበዓሉ በፊት እንዲነገር አልተፈለገም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን በገበያ ቀን በአውሮፕላን ስትደበደብ የሞቱት የራሱ ዜጎች ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተጨበጠ እጅ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሲፈታ አገሩም ሠራዊቱም አብሮ ተፈታ። እባክህ ይህን ምኞትህን እንደገና አስብበት።

አሁን ያልጠየቅኸኝ። "ቁርጡን ባውቅ አስታርቃቸው ነበር" ብለሃል። አታስታርቃቸውም፤ አባትህና አክስትህ የሚጣሉት በታሪክ ዕውቀት አይደለምና። አባትህ የሚፈሩት ሰውዬው ከወረደ የእሳቸው ቁስልና የሞቱት ጓደኞቻቸው አብረው እንዳይወርዱ ነው። አክስትህ የምትፈራው እሱ እዚያ ከተሰቀለ ወንድሟ በከንቱ እንደሞተ እንዳይቆጠር ነው።

ደብዳቤህን ስደግመው ደግሞ አንድ ሰው ጎደለብኝ፤ እናትህ። የሞተው ልጅ የአክስትህ ወንድም ብቻ አይደለም፤ የእናትህም ወንድም ነው። በደብዳቤህ ውስጥ እናትህ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ይላሉ፤ ቡና ሲያፈሉ። ስለ ፎቶው ያሉትን አንድ ቃል አልጻፍክልኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ፎቶ ሥር ሲቀመጡ፣ አቧራውን ሲጠርጉ፣ እንግዳ ሲቀበሉ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? አክስትህ በሯን ዘግታ ቀረች፤ እናትህ ግን የሚወጡበት ቤት የላቸውም።

ስለዚህ ከማንም በፊት እናትህን አነጋግር። አባትህ በሌሉበት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ይሁን። "ፎቶው ይውረድ ወይ?" ብለህ አትጀምር፤ ስለ አጎትህ ጠይቅ። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ የዚያን ሌሊት ማን በር እንደከፈተ። ምናልባት እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም። "ተወው ልጄ፣ አባትህን አታስቀይም" ካሉህም ስማቸው፤ ከእሳቸው ፈቃድ ውጪ በስማቸው ጠብ አትክፈት። "ከብዶኛል" ካሉህ ግን ይህን ለአባትህ ማድረስ ያንተ ድርሻ ነው።

ወደ አባትህ ስትሄድ እኔ የጻፍኩትን ፍርድ ይዘህ አትሂድ። ፎቶውን ጭራሽ ሳታነሣ ስለ ካራማራ አስወራቸው፤ በየትኛው ጦር እንደነበሩ፣ አጠገባቸው ማን እንደወደቀ፣ የት ላይ እንደቆሰሉ፣ ማን ተሸክሞ እንዳወጣቸው። ስልክህ ላይ ቅዳው፤ የጓደኞቻቸውን ስም በወረቀት ጻፍ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ካላቸው፣ የተጎሳቆለችም ብትሆን፣ ወስደህ አሳድሰህ በትልቁ አሳጥብ። ከዚያ "አባዬ፣ እኔ ልጆቼ እዚህ ግድግዳ ላይ እንዲያዩት የምፈልገው አንተን ነው" በላቸው። እምቢ ሊሉህ ይችላሉ፤ ያኔ የእናትህን ነገር ሳትሸፋፍን ንገራቸው፤ "የማሚ ወንድም ነው" በላቸው። ቤታቸው ነውና ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ሳያውቁ ግን አይወስኑ። ፎቶውን በድብቅ አታውርድ።

አክስትህ ዘንድ ሽማግሌ አትላክ። ሽማግሌ ከመጣ "ይቅር በይ" ማለቱ አይቀርም፤ ማንም ይቅርታ ያልጠየቃት ሴት ምኑን ይቅር ትበል? "ሁለቱም ወገን አጥፍቷል"ም አትበላት፤ እውነት ቢሆንም የሚነገርበት ቦታ የእሷ ሳሎን አይደለም። ፈቃዷ ከሆነ መስቀል አደባባይ ጥግ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አብረሃት ሂድ፤ ብዙ ቤተሰብ የልጁን ፎቶ እዚያ አይቶ ነው ያለቀሰው። ካልፈለገች አትጎትታት። የአባትህ አባት በእኩል ያርሱ እንደነበር ግን አንድ ቀን፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ንገራት፤ ላታውቅ ትችላለች።

ለሠርጉ የቀረህ ጊዜ አጭር ነው። የጥሪ ካርዱን ለአክስትህ በሰው እንዳትልከው፤ አንተና እህትህ ሆናችሁ ይዛችሁላት ሂዱ። ሠርጉ በአዳራሽ ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ወደ ቤት መግባት ሳያስፈልጋት ከእናትህ ጎን ትቀመጣለች። ሙሽራዋ የምትወጣው ከቤት ከሆነ ግን አባትህን እህትህ ራሷ ትጠይቃቸው፤ ለዚያ ሳምንት ብቻ፣ ስለ እሷ ብለው። ልጃቸውን ሲድሩ እምቢ ይሏታል ብዬ አልገምትም።